ፊት ላይ የሚፈራው፣ እግር ሥር የሚረሳው

ዕድሜ ሲገፋ ቆዳ ባለበት አይቆይም። ልሙጥ በነበረው ጉንጭ ላይ ጥቁር ነጥብ ብቅ ይላል፤ ጀርባ ላይ ቡናማና ሻካራ እባጭ ይወጣል፤ ማተብ በሚያርፍበት አንገት ላይ ቀጭን ሥጋ ይንጠለጠላል። ባለቤቱ አንድ ቀን መስታወት ፊት ቆሞ ያስተውለዋል፤ ወይም ልጁ ታይና "አባዬ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ትለዋለች። ከዚያ በኋላ አንዱ "ማርያም የሳመችኝ ነው" ብሎ ይተወዋል። ሌላው "ነቀርሳ ቢሆንስ?" እያለ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል።

አብዛኛውን ጊዜ እውነቱ ከሁለቱም ዘንድ አይገኝም። ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚወጡት እነዚህ ነገሮች በአመዛኙ ማርያም የሳመችው ነጥብ አይደሉም፤ ነቀርሳም አይደሉም። የራሳቸው ስምና የራሳቸው ጠባይ ያላቸው፣ ሰውን የማይጎዱ የቆዳ እድገቶች ናቸው። በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ብርሃን ገበያም ሆነ በአንኮበር አቀበት ላይ ከምናገኛቸው አዛውንት ብዙዎቹ አንዱን ወይም ሌላውን ይዘው ይኖራሉ።

ከእነርሱ ጋር መተዋወቅ ከፍርሃት ያድናል። ከዚያ የሚበልጥ ጥቅም ደግሞ አለው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ እውነተኛ ሥጋት የሚያመጣው ጥቁር ምልክት ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፊት ላይ አይደለም፤ ውስጥ እግር ላይ ነው። ሁላችንም ፊታችንን እያየን ስንጨነቅ እግራችን ይረሳል። የዚህ ትውውቅ ዓላማም ጭንቀቱን ከማይገባው ቦታ አንሥቶ ወደሚገባው ቦታ ማዞር ነው።

ጥቁር ነጥብ ሁሉ አንድ አይደለም

የቆዳችን የላይኛው ንብርብር በአብዛኛው የተሠራው ኬራቲኖሳይት ከሚባሉ ሕዋሳት ነው። እነዚህ ከሥር ይፈጠራሉ፤ ወደ ላይ እየተገፉ ይደርቃሉ፤ በመጨረሻም ይረግፋሉ። ከንብርብሩ ግርጌ በመካከላቸው ተሰግስገው የሚገኙ ሜላኖሳይት የሚባሉ ሌሎች ሕዋሳት አሉ። የእነርሱ ሥራ ሜላኒን የተባለውን ቀለም እያመረቱ ለጎረቤቶቻቸው ማደል ነው። በነጭና በጥቁር ሰው መካከል የሜላኖሳይቱ ብዛት ይህን ያህል አይለያይም፤ የሚለያየው የሚመረተው ቀለም መጠን፣ ዓይነትና አሠራጭ ነው።

ማርያም የሳመችው የምንለው ነጥብ የሚፈጠረው ሜላኖሳይቶቹ ራሳቸው አንድ ቦታ ላይ ተሰባስበው ሲቀመጡ ነው። አንዳንዱ ሲወለዱ ጀምሮ ይኖራል፤ አብዛኛው በልጅነትና በወጣትነት ይወጣል፤ ዕድሜ ሲገፋ እየፈዘዘ የሚጠፋም አለ። ሜላኖማ የተባለው አደገኛ የቆዳ ነቀርሳ የሚነሣውም ከእነዚሁ ከሜላኖሳይቶች ነው። ሐኪሞች አዲስ ወይም የተለወጠ ጥቁር ነጥብ ሲያዩ በጥንቃቄ የሚመረምሩት ለዚህ ነው።

በሃምሳና በስልሳ ዓመት ፊትና ጀርባ ላይ የሚወጡት እድገቶች ግን ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ከኬራቲኖሳይቶቹ ወገን ነው። ጥቁር የሚሆኑት ከጎረቤት የተቀበሉትን ቀለም ስለያዙ ነው። መልካቸው ቢመሳሰልም መነሻቸው የተለያየ በመሆኑ ወደ ሜላኖማ አይለወጡም። አንድ ሰው ይህን ልዩነት ብቻ ቢያውቅ ከግማሽ በላይ የሆነው ጭንቀቱ ይቀልለታል።

ሴቦሪክ ኬራቶሲስ፦ የዕድሜ እድገት

ከሁሉም የበለጠ የሚያጋጥመው ሐኪሞች ሴቦሪክ ኬራቶሲስ የሚሉት ነው። በቤተ ክርስቲያን ከሚበራ ጧፍ ላይ የቀለጠ ሰም ቆዳ ላይ ጠብ ብሎ የደረቀ ይመስላል። ከቆዳው ውስጥ የበቀለ ሳይሆን ከላይ የተለጠፈ መስሎ ይታያል፤ ጠርዙም ጥርት ያለ ነው። ቀለሙ ከፈዛዛ ቡናማ እስከ ድፍን ጥቁር ይደርሳል። ስፋቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይጀምርና አንዳንዴ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በጣት ሲዳስሱት ሻካራ ወይም ቅባታማ ነው። ቀረብ ብለው ሲያዩት ደግሞ ጥቃቅን ጉድጓዶችና በውስጣቸው የታጨቁ ነጭና ጥቁር ፍሬዎች ይታዩበታል፤ እነዚህ የደረቀ የቆዳ ሕዋስ ክምችት ናቸው።

የሚወደው ቦታ ግንባር፣ የፀጉር ዳር፣ ደረት፣ ጀርባና የጡት ሥር ነው። አንድ ሰው ሁለት ሦስት ሊኖረው ይችላል፤ በመቶ የሚቆጠር የሚኖረውም አለ። አንድ ሊረሳ የማይገባው ጠባይ አለው፦ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ አይወጣም። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ከየት ይመጣል? ዕድሜና ዘር ቀዳሚዎቹ ናቸው፤ እናት ወይም አባት ይህ እድገት ካለባቸው ልጆቻቸውም ሲጎለምሱ ማውጣታቸው የተለመደ ነው። ተመራማሪዎች በእድገቱ ሕዋሳት ውስጥ ኤፍጂኤፍአር3 እና ፒአይኬ3ሲኤ በሚባሉ ጂኖች ላይ የተፈጠረ ለውጥ አግኝተዋል። የሚያስደንቀው፣ እነዚሁ ለውጦች በሌላ የሰውነት ክፍል፣ ለምሳሌ በሽንት ፊኛ፣ ከነቀርሳ ጋር አብረው የሚገኙ መሆናቸው ነው። እዚህ ቆዳ ላይ ግን ሕዋሳቱ ትንሽ ተባዝተው፣ ትንሽ ወፍረው ይቆማሉ፤ ወደ ጥልቅ አይገቡም፣ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍልም አይሠራጩም።

ተላላፊም አይደለም። ኪንታሮት የሚመጣው በቫይረስ ስለሆነ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ሴቦሪክ ኬራቶሲስ ግን ከቫይረስ የተነሣ ባለመሆኑ በፎጣም፣ በመሳሳምም፣ አንድ አልጋ ላይ በመተኛትም አይተላለፍም። የልጅ ልጆቻቸውን አቅፈው ለመሳም የተሳቀቁ አያት ካሉ ይህን ይስሙ። እድገቱ የንጽሕና ጉድለት፣ የደም መበላሸት ወይም የኃጢአት ምልክት አይደለም።

የሚያስቸግረው ሲፋተግ ነው። የመንዝ ባና ወይም ወፍራም ጋቢ ትከሻና ጀርባ ላይ ሲያሻሸው ያሳክካል፤ ሲታከክ ይቀላል፤ አልፎ አልፎም ይደማል። ተላጦ የሚወድቅበትና ቆይቶ እንደገና የሚያድግበት ጊዜም አለ። ይህ ሁሉ የተለመደ ነው። የተለየ ትኩረት የሚያሻው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ውስጥ በርካታ እድገቶች በአንድ ጊዜ ከወጡ፣ በተለይም ከማሳከክና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጡ፣ የውስጥ ምርመራ ያስፈልጋል። እምብዛም ባይሆንም እንዲህ ያለው ድንገተኛ አወጣጥ ከጨጓራና ከሌሎች የውስጥ አካላት ነቀርሳ ጋር ተያይዞ የታየበት ጊዜ አለ።

በጉንጭ ላይ የሚበተኑት ነጥቦች

ሴቦሪክ ኬራቶሲስ በጠይምና በጥቁር ሕዝብ ዘንድ የሚታወቅ አንድ የቅርብ ዘመድ አለው፤ ደርማቶሲስ ፓፑሎሳ ኒግራ ይባላል። በዚህ ስም በሕክምና ጽሑፍ የገለጸው አልዶ ካስቴላኒ የተባለ ጣሊያናዊ የሐሩር ክልል በሽታዎች ሐኪም ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1925 ነበር። በሁለቱም ጉንጮች ላይ፣ በዓይን ዙሪያ፣ በግንባርና በአንገት ላይ የሚበተኑ ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆኑ ልሙጥ ጥቁር ነጥቦች ናቸው። ሴቦሪክ ኬራቶሲስ የጎልማሳነት ነገር ሲሆን፣ እነዚህ ግን ከሃያዎቹ ዕድሜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በፊት መውጣት ይጀምራሉ። በየዓመቱ በቁጥርና በመጠን ቀስ እያሉ ይጨምራሉ። ከወንድ ይልቅ በሴት ላይ ይበዛሉ፤ በቤተሰብም ይወረሳሉ።

እነዚህ ነጥቦች ያላት ሴት እናቷን ወይም አክስቷን ልብ ብላ ብታይ ብዙ ጊዜ ያንኑ ታገኛለች። ሕመም የላቸውም፤ ወደ ነቀርሳም አይለወጡም። ሰዎች ወደ ሐኪም የሚሄዱት መልካቸው ስላላስደሰታቸው ነው። ያም ተገቢ ምክንያት ነው፤ አወጋገዱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ እንደርስበታለን።

ሌሎቹ የቅርብ ጎረቤቶች

አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ የሚንጠለጠለው ለስላሳ ቀጭን ሥጋ ስኪን ታግ ይባላል። ቆዳ ከቆዳ ወይም ከልብስ ጋር በሚፋተግበት ቦታ ይወጣል። በእርግዝና ወቅትና ክብደት ሲጨምር ይበዛል። ጉዳት የለውም፤ ሆኖም በአንድ ጊዜ በርከት ብሎ ከወጣና የአንገት ቆዳም ጠቁሮ ከወፈረ የስኳር በሽታ ምርመራ ማድረግ ብልህነት ነው፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይታያሉና።

ደረትና ሆድ ላይ የሚታዩት ደማቅ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ነጥቦች ቼሪ አንጂዮማ የሚባሉ የጥቃቅን ደም ሥሮች ክምችት ናቸው። በጠቆረ ቆዳ ላይ ጥቁር መስለው ስለሚታዩ ያደናግራሉ። እነርሱም ከዕድሜ ጋር የሚመጡ፣ የማይጎዱ ናቸው።

ባት ወይም ቅልጥም ላይ የምትገኘው ከቆዳ ሥር ደድራ የተቀመጠች ቡናማ ጉብታ ደግሞ ደርማቶፋይብሮማ ትባላለች። አንዳንዴ ነፍሳት ነክሰውት ወይም እሾህ ወግቶት በዳነ ቦታ ላይ ትወጣለች። መለያዋ ቀላል ነው፤ ከግራና ከቀኝ በሁለት ጣት ጨመቅ ሲያደርጓት ወደ ውስጥ ትሰረጉዳለች። ለዓመታት ሳትለወጥ ትኖራለች።

አንድ ሰው በሰውነቱ ላይ ብዙ ለስላሳ እባጮችና ከልጅነቱ ጀምሮ ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ሰፋፊ ቡናማ ጥፎች ካሉት ግን ኒውሮፋይብሮማቶሲስ የሚባል የዘር ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሊያየው ይገባል። እባጮቹ በራሳቸው በአብዛኛው ጉዳት ባይኖራቸውም ሕመሙ ክትትል ይሻል።

ደጋውና ፀሐዩ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አንኮበር ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነ ተረተር ላይ ተቀምጣ ቁልቁል የአፋርን ቆላ ትመለከታለች። ሁለቱም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ እንኳ አይርቁም። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብላ ትወጣለች፤ አየሩም ስስ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጨረሩ አይሞቅም፤ ሙቀት የሚሰጠን ሌላው የፀሐይ ክፍል ነው። ስለዚህ ጠዋት በውርጭ እየተንቀጠቀጠ በግ የሚያሰማራ እረኛ በቀን ሙሉ የሚቀበለው ጨረር ቆላ ካለው ወንድሙ ሊበልጥ ይችላል፤ ብርዱ ስላለ ግን አይታወቀውም።

ታዲያ እነዚህን እድገቶች የሚያመጣቸው ፀሐይ ነው? በከፊል ብቻ ነው። ፊትና እጅ ላይ ለሚወጡት ሴቦሪክ ኬራቶሲሶች ፀሐይ አስተዋጽኦ እንዳላት ይታመናል፤ ነገር ግን በልብስ ተሸፍኖ በኖረ ጀርባና በጡት ሥርም ስለሚወጡ ሙሉው ጥፋት የፀሐይ አይደለም። ጠይም ቆዳ ያለው ሰው በሜላኒኑ ምክንያት ከፀሐይ ከሚመጣው የቆዳ ነቀርሳ በአብዛኛው የተጠበቀ ነው።

ይህ ጥበቃ የሌላቸው ወገኖች ግን አሉን። አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆችና አዋቂዎች ሜላኒን ስለሚጎድላቸው በዚህ ደጋ ፀሐይ ቆዳቸው ይቃጠላል፤ ገና በወጣትነታቸው ለቆዳ ነቀርሳ ይጋለጣሉ። ለእነርሱ ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌ ሙሉ ልብስና የፀሐይ መከላከያ ቅባት የሕይወት ጉዳይ ነው። በእነርሱ ፊት ላይ አዲስ እባጭ ወይም የማይድን ቁስል ሲወጣ "ጉዳት የለውም" ብሎ መተው አይገባም።

እግር ሥር ያለው ሥጋት

አሁን ቅድም በልብ ወደያዝነው ነገር እንመለስ። ሴቦሪክ ኬራቶሲስ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ አይወጣም። በአንጻሩ በጥቁር ሕዝብ ዘንድ ሜላኖማ ሲከሰት ከየትኛውም ቦታ ይልቅ የሚመርጠው ውስጥ እግርን፣ ከዚያም መዳፍንና የጥፍር ሥርን ነው። ከፀሐይ ጋር የሚያያዝ አይደለም፤ ፀሐይ የማታገኘው ቦታ ነውና። ስለዚህ "ጥቁር ቆዳ የቆዳ ነቀርሳ አይዘውም" የሚለው አባባል ሰውን ይገድላል። በሽታው በእኛ ዘንድ በቁጥር አነስተኛ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ግን ዘግይቶ፣ ከተሠራጨ በኋላ ስለሆነ ይከፋል።

ዘፋኙን ቦብ ማርሊን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። በ1997 ዓ.ም. 60ኛ የልደት በዓሉ ሲታሰብ መስቀል አደባባይ በሕዝብ ተሞልቶ ነበር። ሕይወቱን የቀጠፈው ይኸው በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የታየው ጥቁር ነገር መጀመሪያ ከእግር ኳስ ጨዋታ የመጣ ጉዳት መስሎ ነበር፤ ሲመረመር ሜላኖማ ሆነ። ጣቱ እንዲቆረጥ የተሰጠውን ምክር አልተቀበለም። በሽታው ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበትና ወደ አንጎል ተሠራጭቶ ግንቦት 3 ቀን 1973 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1981) ገና በ36 ዓመቱ ሞተ።

በሰሜን ሸዋ ገጠር ያለ ገበሬ እግሩ ብዙ ያያል። በባዶ እግር ወይም በበረባሶ ያርሳል፤ ድንጋይ ይመታዋል፤ እሾህ ይወጋዋል፤ ተረከዙ ይሰነጠቃል። ውስጥ እግሩ ላይ ጥቁር ነገር ቢያይ "እሾህ ቀርቶብኝ ነው"፣ ጥፍሩ ቢጠቁር "እንቅፋት መትቶኝ ነው" ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ልዩነቱን የሚያሳየው ጊዜ ነው። በእንቅፋት የጠቆረ ጥፍር ከማደጉ ጋር ጥቁረቱ ወደ ፊት እየተገፋ ይሄዳል፤ በወራት ውስጥም ከጥፍሩ ጋር ይወጣል። የማይገፋ፣ እየሰፋ የሚሄድ፣ ወይም ከጥፍሩ አልፎ ዙሪያው ያለውን ቆዳ የሚያጠቁር መስመር ግን ሐኪም ማየት አለበት። በብዙ ጣቶች ጥፍር ላይ የሚታዩ ቀጫጭን ቡናማ መስመሮች በጥቁር ሕዝብ ዘንድ የተለመዱ ስለሆኑ አያስደነግጡ፤ በአንድ ጣት ላይ ብቻ አዲስ የወጣ መስመር ግን ይታይ።

እግር ላይ ሌሎች ሁለት ነገሮችም ያሳስባሉ። አንደኛው ስኳመስ የተባለው የቆዳ ነቀርሳ ሲሆን፣ በአፍሪካውያን ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከቆየ የቃጠሎ ጠባሳ ወይም ለዓመታት ካልዳነ ቁስል ላይ ነው። በልጅነቱ ምድጃ ውስጥ ወድቆ የተቃጠለ ሰው በጠባሳው ላይ አዲስ ቁስል ወይም ሥጋ ሲያወጣ ዝም ማለት የለበትም። ሁለተኛው ካፖሲ ሳርኮማ ነው፤ እግር ላይ ወይን ጠጅ ወይም ጥቁር ጥፍጥፍና እብጠት ሆኖ ይታያል፤ ብዙ ጊዜም ከኤችአይቪ ጋር ስለሚያያዝ ምርመራውን አብሮ ማድረግ ያስፈልጋል።

ቁልቋል፣ ክርና ምላጭ

አንኮበር በባህላዊ መድኃኒት ዕውቀቷ የታወቀች አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የዕፅዋት ጥናት በወረዳው ለሰው ሕመም የሚውሉ ከ130 በላይ የመድኃኒት ዕፅዋትን መዝግቧል። ይህ የትውልዶች ምልከታ ያከማቸው ሀብት ስለሆነ ሊከበርና ሊጠና ይገባል። ነገር ግን ቆዳ ላይ የወጣን ነገር ሁሉ በአንድ መንገድ ለማጥፋት መሞከር ጉዳት ያመጣል።

የቁልቋል ወተት ኪንታሮት ላይ ሲቀባ ይታያል። ወተቱ ቆዳ የሚያቃጥል ስለሆነ ሥጋውን ያነሣዋል፤ ዙሪያውን ያለውን ጤናማ ቆዳም አብሮ ይልጠዋል። ፊት ላይ ሲቀባ ወደ ዓይን ከገባ ብርቱ ቁስለት ፈጥሮ ማየትን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ጉንጭ ላይ ለተበተኑ፣ ምንም ለማይጎዱ ነጥቦች ዓይንን ለአደጋ ማጋለጥ አይገባም።

የተንጠለጠለ ሥጋን በክር ወይም በፈረስ ጭራ አስሮ ማድረቅም የቆየ ልማድ ነው። ደሙ ሲቋረጥበት ደርቆ ይወድቃል፤ ነገር ግን ይቆስላል፣ ያመረቅዛል። በምላጭ መቁረጥ ደግሞ ከደም መፍሰሱና ከቴታነሱ ሌላ፣ አንዱ ምላጭ ለብዙ ሰው ከዋለ ጉበት የሚያጠቃውን ቫይረስና ኤችአይቪን ያስተላልፋል። ቆዳቸው ሲቆረጥ ወፍራም ጠባሳ የሚያወጣ ሰዎችም ነጥቡ ጠፍቶ ከእርሱ የሚከፋ እብጠት ይተርፋቸዋል።

ከሁሉም በላይ አደገኛ የሆነው ግን ሌላ ነው። ተቃጥሎ ወይም ተቆርጦ የተጣለ ነገር ምን እንደነበር ማንም ሊያውቅ አይችልም። ሜላኖማ ከነበረ ላዩ ተወግዶ ሥሩ በውስጥ ይቀጥላል።

በየሱቁ የሚሸጡ ቆዳ የሚያቀሉ ቅባቶችም እነዚህን እድገቶች አያጠፉም፤ እድገቱ የወፈረ ቆዳ ነውና። ጠንካራ ስቴሮይድ ያለባቸው ቅባቶች በዙሪያው ያለውን ጤናማ ቆዳ ያሳሳሉ፤ ሜርኩሪ ያለባቸው ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ጸበል የሚጠመቅ ሰው መጠመቁን አይተው፤ ሐኪም ዘንድ መሄዱንም አይተው። ሁለቱን የሚያጣላቸው ነገር የለም።

ሐኪም ዘንድ

ብዙው የቆዳ ምርመራ የሚጀምረው በጥያቄ ነው። ጤና ጣቢያ ውስጥ በጥሩ ባለሙያ ፊት የተቀመጡ አንዲት እናት የሚያደርጉት ንግግር ይህን ይመስላል፦

"እማማ፣ ይህ ነገር ከወጣብዎ ስንት ጊዜው ነው?"

"ኧረ ቆይቷል ልጄ። የትንሿ ልጄ ሠርግ ሳይደርስ ነው።"

"ከዚያ ወዲህ አድጓል? ደምቷል? ቀለሙስ ተለውጧል?"

"ያው ነው። ነጠላው ሲነካው ብቻ ያሳክከኛል።"

"እሺ፤ እስኪ ጫማዎን ያውልቁልኝና እግርዎን ደግሞ ልይ።"

የመጨረሻው ጥያቄ ባይረሳ ብዬ እመኛለሁ። ስለ ጉንጩ የመጣ ሰው እግሩም ሊታይለት ይገባል።

ባለሙያው የሚፈልጋቸው ምልክቶች አምስት ናቸው። የነጥቡ አንዱ ጎን ከሌላው ይለያል? ጠርዙ የተበጣጠሰ ነው? በአንድ ነጥብ ውስጥ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ እየተቀላቀለ ይታያል? ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ነው? ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ፣ በቅርብ ጊዜ ተለውጧል? ትልቅ መሆን ብቻውን አያስፈርድም፤ ሴቦሪክ ኬራቶሲስም ሊሰፋ ይችላል። ውስጥ እግር ላይ ያለ ምልክት ደግሞ ትንሽ ቢሆንም እየተለወጠ ከሆነ ይመረመራል። በዚህ ላይ በአራት ሳምንት ውስጥ ያልዳነ ቁስል ሁሉ፣ የትም ቦታ ቢሆን፣ ምርመራ ይገባዋል።

የቆዳ ሐኪም ደርሞስኮፕ የሚባል ብርሃን ያለው የእጅ አጉሊ መነጽር ቆዳው ላይ ያሳርፋል። በእርሱ ሲታይ የሴቦሪክ ኬራቶሲስ ጉድጓዶችና ነጫጭ ፍሬዎች ቁልጭ ብለው ስለሚወጡ ብዙ ጊዜ መቁረጥ ሳያስፈልግ ይለያል። ጥርጣሬ ካለ ቦታው በማደንዘዣ መርፌ ደንዝዞ ናሙና ይወሰድና ወደ ፓቶሎጂ ይላካል። ናሙና መውሰድ ነቀርሳን "ይበትናል" የሚለው ወሬ ብዙ ሰው እንዲዘገይ ያደርጋል፤ እውነት አይደለም። ቁርጡ የሚታወቀው በናሙና ነው።

ጉዳት የሌለው መሆኑ ከታወቀ ሕክምናው የግድ አይደለም። የሚያሳክክ፣ በልብስ የሚያዝ ወይም መልክን የሚያበላሽ ከሆነ ግን የሚወገድበት መንገድ አለ፦ በኤሌክትሪክ ማድረቅ፣ በስለታም ማንኪያ መፋቅ፣ የተንጠለጠለውን በመቀስ መቁረጥ፣ ወይም በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ። ፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች እስከ 196 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የቀዘቀዘ ነው። ጠይም ቆዳ ላይ ይህ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ቀለም አምራቾቹ ሜላኖሳይቶች ከሌሎቹ ሕዋሳት ቀድመው በብርድ ስለሚሞቱ ነጥቡ በነበረበት ቦታ ነጭ ጠባሳ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ፊት ላይ ያሉ ነጥቦች እንዲወገዱ የምትፈልግ ሴት በጥቁር ቆዳ ላይ የሠራ ባለሙያ ትምረጥ፤ መጀመሪያ አንድ ወይም ሁለት ብቻ አስወግዳ ውጤቱን ትይ።

መንገዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉና ሐኪም ግዛው ሆስፒታል አሉ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም በታላቁ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም በተሰየመው ካምፓሱ የጤና ባለሙያዎችን ያስተምራል። ከዚያ የሚያልፍ ጉዳይ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርሳል። እዚያ ዘነበወርቅ አካባቢ የሚገኘው አለርት በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ማገገሚያ ሆኖ ተቋቁሞ ዛሬ ከአገሪቱ ዋና ዋና የቆዳ ሕክምና ማዕከላት አንዱ ሆኗል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ደግሞ ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና መስጫ ሆኖ የነቀርሳ ታማሚዎችን ሸክም ተሸክሟል።

በየቤቱ ሊሠራ የሚችለው

የቆዳ ምርመራ ትልቅ መሣሪያ ሳይጠይቅ ሊጀመር ይችላል። አገራችን እግር የማጠብ መልካም ልማድ አላት፤ ከእርሻ የተመለሰ አባት፣ ከመንገድ የገባ እንግዳ እግሩ ይታጠባል። የሚያጥበው ሰው ተረከዙን፣ ውስጥ እግሩን፣ በጣቶቹ መካከል ያለውንና ጥፍሩን ልብ ብሎ ቢያይ፣ ሐኪም ከሚያየው ዓመታት ቀድሞ ሊያገኝ ይችላል። በወር አንድ ጊዜ ሆን ብሎ ማየት ይበቃል። ብቻውን የሚኖር ሰው ውስጥ እግሩን በመስታወት ይይ። አጠራጣሪ ነጥብ ካለ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጦ በሞባይል ፎቶ ማንሣትና ከሁለት ወር በኋላ ማወዳደር ለሐኪሙም ትልቅ ማስረጃ ነው። ነጥቡ ውስጥ እግር ወይም የጥፍር ሥር ከሆነና እየተለወጠ ከሆነ ግን ሁለት ወር አይጠበቅም።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ክትባት፣ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ እናቶች ጤና ያስተምራሉ። በዚያው ጉብኝት ላይ ለአዛውንቱ "እግርዎን ልይ" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨመር ወጪው ኢምንት ነው።

እማማ ጉንጫቸው ላይ ባሉት ነጥቦች አይሳቀቁ፤ ደረታቸው ላይ ያለው ቡናማ እባጭም ለዓመታት ሳይለወጥ ከቆየ በሰላም ይኑር። ውስጥ እግሩ ላይ ወይም በአንድ ጥፍሩ ሥር እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ነገር ያየ ሰው ግን እሾህ ነው ብሎ በመርፌ አይቆፍረው፤ ቁልቋልም አያስነካው። በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄዶ ጫማውን አውልቆ ያሳይ። "ምንም አይደለም" ከተባለም ቆይቶ አሁንም እያደገ ካየው ተመልሶ ይሂድና ናሙና እንዲወሰድለት ይጠይቅ። ሜላኖማ ቆዳው ላይ ብቻ ሳለ ሲገኝ በቀላል ቀዶ ሕክምና ሊወገድ ይችላል፤ ከተሠራጨ በኋላ ግን መዳኑ እጅግ ከባድ ነው።